ገቢ ሲቋረጥ ትዳርን የሚያናጉ ስህተቶች

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኑሮው የደመወዝተኛውን ቤት ባጠበበት በዚህ ጊዜ ከባልና ከሚስት አንዱ ሥራ ሲያጣ ጫናው ይከብዳል። ያም ሆኖ ችግር የገባበት ቤት ሁሉ አይፈርስም። እኔ እንደማየው ቶሎ የሚፈርሰው ባልና ሚስት ችግሩን ለየብቻ የተሸከሙበት ቤት ነው።

ሥራ ማጣትን መደበቅ

ከሥራ የተሰናበተው አባወራ ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እንደ ወትሮው ይወጣል። ሰው በማያውቀው ሰፈር አንድ ማኪያቶ አዝዞ ቀኑን ይገፋል። ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» ሲባል «ደህና» ይላል። ወሩ ሲያልቅ ከጓደኛው ተበድሮ «ደመወዝ» ብሎ ያስረክባል። ሚስት እውነቱን የምትሰማው ለቅሶ ቤት፣ ከባልደረባው ሚስት አፍ ነው። ደመወዙ መቅረቱን ትችለዋለች፤ ስንት ወር በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ መቆጠሯ ግን አንጀቷን ያሳርረዋል። «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» የሚለው ባል ከልቡ ነው የሚናገረው። ጭንቀቱን ግን አላስቀረላትም፤ በዕዳ አሳድጎ አቆየላት እንጂ።

ዕዳው ደግሞ የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ የገባበት ዕዳ በግል ንብረቱ ካልተሸፈነ ወደ ጋራ ንብረት ሊሻገር እንደሚችልም ሕጉ ይደነግጋል። 500 ብር ዛሬ የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም፤ ተመካክሮ መበደር ግን ያኔም ዛሬም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወሬው በተሰማበት ቀን ማታ፣ ልጆች ሲተኙ ይነገር። ወረቀት ይውጣና በእጅ ያለው ገንዘብ፣ ዕዳው፣ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ሳይቀር ይጻፍ። ያ ምሽት ከባድ ነው፤ እንባም ሊኖርበት ይችላል። ሦስት ወር ዘግይቶ ሲመጣ ግን ዕዳውም ቂሙም አብሮ ይመጣል።

የቤት ሥራን እንደ ውርደት ማየት

ሚስት ከታክሲ ሰልፍ ተላቅቃ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ የቁርሱ ሰሃን እንዳለ ተቀምጧል፤ ውሃ መጥቶ ሄዷል፣ ጀሪካኑ ግን ባዶ ነው። ባል በበኩሉ ማመልከቻ ይዞ ሲንከራተት ውሎ ስለገባ «ምን ስትሠራ ዋልክ?» መባሉ ስድብ ይሆንበታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጀሪካን መሙላት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ሽሮ መሥራት የወንድን ክብር አይነካም። እሷም ብትሆን በልጆቹ ፊት «የማበላህ እኔ ነኝ» ካለች፣ ነገ ሥራ ቢያገኝም ያቺ ቃል ከቤቱ አትወጣም።

ወጪ ሲቀነስ ከእድር መጀመር

የእድር መዋጮ ትንሽ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ ግን አባልነቱ ይሰረዛል፤ ሐዘን የመጣ ዕለት ድንኳኑ፣ ወንበሩና አስተዛዛኙ ይቀራል። እቁብ ሌላ ነገር ነው። በሙሉ ዕጣ ለመቆየት ሲሉ በአራጣ የሚበደሩ ሰዎች አሉ። ይልቅ ሁለቱም አብረው ሰብሳቢውን አነጋግረው ወደ ግማሽ ዕጣ መውረድ ወይም ዕጣው እንዲቀድምላቸው መጠየቅ ይሻላል። ለተቸገረ አባል ዕጣውን የሚለቅ እቁብተኛ አይጠፋም።

ለእናት ወይም ለወንድም በድብቅ ገንዘብ መላክም እንዲሁ ይቅር። ሁለቱ ከተስማሙበት ከጥቂቱም ላይ መላክ ይቻላል።

ሳይመካከሩ ዓረብ አገር መሄድ

ሚስት ለሁለት ዓመት ኮንትራት ሄዳ የላከችው ሁሉ ሲጠፋ «ምን አደረግኸው?» የሚለው ጥያቄ ስንት ትዳር አፍርሷል። ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባ፣ ምን ያህሉ ለቤት ወጪ፣ ምን ያህሉ ለቁጠባ እንደሚውል፣ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ ትኬት ሳይቆረጥ ይወሰን። ውክልና ከተሰጠም ምን ምን እንደሚፈቅድ በዝርዝር ይጻፍ።

ሽማግሌን አዘግይቶ ወይም አበላሽቶ መጥራት

አንዱ ወገን ዘመዶቹን ብቻ ሰብስቦ ያመጣቸው ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ሰው፣ የንስሐ አባት ይሁኑ የመስጊድ ኢማም ወይም የሠርጉ ሚዜ፣ ከአሥር ጎረቤት ይበልጣል፤ ገመናም አይበተንም። እጅ የሚያነሣ ባል ያላትን ሴት «ቻይው» ብሎ ወደ ቤቷ መመለስ ግን ሽምግልና ሊባል አይገባውም። እሷ መጀመሪያ ከአደጋው ትውጣ።

ፍቺ ጠይቀው ችሎት ለደረሱትም ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ብዙዎች ቀጠሮ ሲቆጥሩ ያሳልፉታል፤ ዕዳን ዘርዝሮ ማን ምን እንደሚከፍል ለመስማማት ግን ሦስት ወር ይበቃል።