የአሮጌ ቮልስ ቫልቭ በራስ እጅ እንዴት ይስተካከላል?

የእኔ ቮልስ ጣሪያዋ ሸራ ነው። ወደ ኋላ ይታጠፍና ከወንበሩ ጀርባ እንደ ፍራሽ ይከመራል። ጀርመን አገር ካርማን የሚባል ድርጅት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1980 እንዲህ ያሉትን ይሠራ ነበር። አመሻሽ ላይ ጣሪያውን ከፍቶ በጣና ዳር መንዳት የሚሰጠውን ደስታ አልነግራችሁም። ብዙውን ጊዜ የማሳልፈው ግን ኋላዋ ተንበርክኬ ነው። ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ የሚጠግን በየመንደሩ አለ። የቮልስ ቫልቭ በትዕግሥት የሚያስተካክል ግን እየጠፋ ነው። ስለዚህ ራሴ ተማርኩ፤ በውድ ዋጋ።

ጣሪያዋ ሸራም ይሁን ቆርቆሮ፣ የሞተሩ አሠራር አንድ ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ 1600 ሞተር ነው። በጣም የቆዩት 1200ዎች ልካቸው ስለሚለይ መመሪያቸውን እዩ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ

ቮልሴ ጠዋት ስትነሳ ቲክ ቲክ ትል ነበር። ጎረቤቴ “ይቺ መኪና ሲንጀር ውጣለች እንዴ?” ይለኛል። አንድ ቅዳሜ ተናደድኩና ከፍቼ ሁሉንም ቫልቭ ጠበቅ አደረግኩት። ድምፁ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቤዛዊትን ዳገት እምቢ አለች። በሁለተኛ ማርሽ ጀምሬ በአንደኛ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ከቮልስ ጋር ሲታገሉ ከኖሩ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ ነቀሉ። አንደኛውን ሲነቅሉ ሞተሩ ደከመ። ሁለተኛውንም፣ አራተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ምንም ለውጥ የለም።

“ቫልቭ ነክተሃል?”

“አዎ ጋሼ። ግን ድምፁ እኮ ጠፍቶ ነበር።”

“እሱ ነዋ ችግሩ፣ ልጄ።”

ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ወርዶ ሳየው የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። የወር ደሞዜ እዚያ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጭስ ቫልቭ በእሳት መሃል ነው የሚኖረው። ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ ነው፤ መቀመጫው ላይ ጥብቅ ብሎ ሲያርፍ ሙቀቱ ወደ ቴስታታው ይሄዳል። በቫልቩ ጭራና እሱን በሚገፋው ብረት (ሮከር) መሃል ያለውን ክፍተት ካጠፋችሁት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በቀጭኗ ቀዳዳ እሳት ያልፋል፣ ጠርዙንም ይበላዋል። ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ ከሁሉም ይብስበታል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ቆሟል። የሚደርሰው ነፋስ ያነሰም የሞቀም ነው። ፋብሪካው ይህን አስተካክሎ ማቀዝቀዣውን ፈቀቅ ያደረገው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ድምፅ ይኑር። የላላ ቫልቭ ጉልበት ይቀንሳል፣ ጆሮ ይረብሻል፤ የጠበቀ ግን ዝም ብሎ ያቃጥላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ

13 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ያለው ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት)፣ ዲናሞው ላይ ያለውን ዳዶ የሚይዝ 21 ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ሁለት አዲስ የቡሽ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር የሚገባው)፣ ጨርቅ፣ አሮጌ ጋዜጣ። ነጭ ቀለምም ያስፈልጋል፤ እኔ የእህቴን የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው።

እንደፈለጉት የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ጓደኛ ካላችሁ ቡና አፍልታችሁ አስቀምጡት። ዳዶውን ያከበዋል።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ

ይቀዝቅዝ ስል እጅ የማያቃጥል ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ያደረ ማለቴ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ክፍተቱ ይለወጣል፣ ልኩ ደግሞ የተሰጠው ለቀዝቃዛ ነው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምጀምረው። ከጢስ ዓባይ ተመልሳችሁ “እግረ መንገዴን” ብላችሁ አትክፈቱት።

ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። የኋላ ጎማዎቹን ማውለቅ ሥራውን ያቀልላል። ካወለቃችሁ ግን ክሪክ ላይ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። አራቱንም ካንዴላ ንቀሉ፤ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞራል። ገመዶቹ የማን እንደሆኑ ምልክት አድርጉ። የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ ቀኑ ያልቃል።

ቁጥሮቹ የት ናቸው?

ከመኪናዋ ኋላ ቁሙና ሞተሩን እዩ። በቀኝ እጃችሁ በኩል 1 እና 2፣ በግራ 3 እና 4 ናቸው። 1 እና 3 ወደ መኪናዋ አፍንጫ ይርቃሉ፤ 2 እና 4 ለእናንተ ይቀርባሉ። በየጎኑ አራት ቫልቭ አለ። ዳርና ዳር ያሉት የጭስ፣ መሃል ያሉት የማስገቢያ ናቸው። ሁሉም 0.15 ስለሆኑ ለልኩ ልዩነት የለውም። አንዳንድ ሞተር ላይ 0.10 የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ቮልስዋገን ራሱ በኋላ 0.15 ብሎታል፤ በዚያ ሂዱ።

የቫልቩን ክዳን የያዘችውን ወፍራም ሽቦ በካቻቢቴ ወደ ታች ግፉ፤ ክዳኑ ይወርዳል። ትንሽ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ጋዜጣው ለዚያ ነው።

አንደኛውን ማግኘት

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንሱ። 21 ቁልፉን ዲናሞው ዳዶ ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን አዙሩ። ቺንጋው (ቀበቶው) ላልቶ ከተንሸራተተ መጀመሪያ እሱን አጥብቁ። የዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት አለች። ውስጡ የሚዞረው ሮተር ወደሷ ሲያይና የታችኛው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ምልክት ሞተሩ መሃል ካለው መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም፣ አንደኛው ሲሊንደር ላይ ናችሁ። ፑሌጃው ላይ ብዙ ጭረት ካለና ግራ ከተጋባችሁ፣ በአንደኛው ካንዴላ ቀዳዳ ረጅም ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ ፒስቶኑ ጫፍ መድረሱን በቀስታ እዩ።

ማረጋገጫው ጣት ነው። የአንደኛው ሁለት ሮከሮች በጣት ሲነቀነቁ ትንሽ ይጫወታሉ። የአንደኛው ተወጥረው የሦስተኛው የሚጫወቱ ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ተሳስታችኋል፤ ፑሌጃውን አንዴ አዙራችሁ ድገሙት።

አሁን ፑሌጃው ላይ ከምልክቱ ትይዩ፣ በሌላኛው ጎን፣ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉ። ግማሽ ዙር መቁጠሪያችን እሷ ናት።

ዋናው ሥራ

ፊለር ጌጁን በቫልቩ ጭራና በሮከሩ ብሎን መሃል አስገቡ። ሲገባና ሲወጣ ቅቤ የተቀባ ቢላ ዓይነት መያዝ አለው፤ አይታገልም፣ ባዶም አይደለም። መታጠፍ ከጀመረ ጠብቋል። ሲያስገቡት ምንም ካልተሰማችሁ ላልቷል።

ልኩ ካልሆነ ዳዶውን በ13 ቁልፍ አላሉ፣ ብሎኑን በካቻቢቴ አዙሩ፣ ልኩን አግኙ። ከዚያ ብሎኑን በካቻቢቴ ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ትንሽ ይዞት ይዞራል፤ ቅድም ልክ የነበረው አሁን ጠባብ ነው። ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። እኔ ያኔ ይህን አላደረግኩም። በመጀመሪያ ጊዜዬ አንዱን ቫልቭ ስድስት ጊዜ ፈትቼ አስሬዋለሁ፤ ተስፋ አትቁረጡ።

ሌላው የተደበቀ ችግር ያረጀ ብሎን ነው። በዘመን ብዛት ጫፉ ላይ ጎድጎድ ያለች ጠባሳ ይወጣል። ፊለር ጌጁ ጉድጓዷን ተሻግሮ ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ 0.15 ለካሁ ስትሉ እውነተኛው ክፍተት 0.25 ሊሆን ይችላል። “አስተካክዬም ይጮሃል” የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው። መድኃኒቱ ብሎኑን መቀየር ነው። እስኪገኝ ድረስ በማዞር መገመት ይቻላል። የብሎኑ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሙሉ ዙር 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ብሎኑን በጣት ኃይል ቫልቩን እስኪነካ አዙሩና ከአንድ ስድስተኛ ዙር ትንሽ ያነሰ መልሱት። ያ 0.15 ገደማ ነው። ጥርጣሬ ካለባችሁ ወደ መላላቱ አድሉ።

አንደኛው ሲያልቅ ሞተሩን ወደ ኋላ፣ ከሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር አዙሩ። የቀለም ነጥቧ መስመሩ ላይ ትመጣለች፤ ያ ሁለተኛው ነው። ሌላ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ሦስተኛው። ሌላ ግማሽ፣ አራተኛው። ወደ ኋላ ስለምናዞር ቁጥሩ በቅደም ተከተል ይመጣል፤ ራስ ማሳመም የለም። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ እባካችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ።

ክዳኖቹን በአዲስ ጓርኒሲዮን መልሱ። ማጣበቂያ ካደረጋችሁ በክዳኑ በኩል ብቻ ይሁን፤ በሞተሩ በኩል ደረቁን ተዉት። በሁለቱም በኩል የለደፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በቢላ ሲፍቅ ይውላል።

ከፍታችሁ እያለ

ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው ኮንታክት ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ከቫልቭ በኋላ ይመጣል፣ ካርቡሬተር ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ። ቮልስ ደከመች ሲባል መጀመሪያ ካርቡሬተር የሚፈታ መካኒክ አይገባኝም። አንድ ነገር ግን አለ፤ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩ ሳሳ ይላል። ለቆላ አገር የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላዎቹ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ጠቁረው ከወጡና ቫልቩም ኮንታክቱም ልክ ከሆነ፣ ያኔ ዤትዋን (ቤንዚን የሚያልፍባትን የካርቡሬተር ቀዳዳ) በትንሽ ቁጥር አስቀይሩ። በመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ግን ከቻላችሁ ተዉት። እኔ አንዴ ከፓምፑ ማጣሪያ ውስጥ ውኃና አሸዋ አውጥቻለሁ።

የቤንዚን ጎማዋን በጣት እጠፏት። ከተሰነጠቀች ዛሬውኑ ቀይሯት፤ ብዙ ቮልስ በእሷ ተቃጥሏል።

ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይግባ። ከላላ የዲናሞውን ፑሌጃ ፈታችሁ ከመሃል አንዲት ቀለበት አውጡና ከውጭ በኩል አድርጓት፤ እንዳትጠፋ። ሞተሩን በነፋስ የሚያቀዘቅዘውን ፋን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ነው። እየነዳችሁ ቀይ የዲናሞ መብራት ከበራ ወዲያው አቁሙ። እኔ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ሲበጠስብኝ የሰፈሩ ልጆች በጀሪካን ውኃ ይዘው እየሮጡ መጡ። ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌላት ላሳምናቸው ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ ከመኪናዋ አይውጡ።

ጣሪያችሁ ሸራ ከሆነ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ስፌቱን እዩ። ለባጃጅ መጋረጃ የሚሰፉት ልጆች ጥሩ አድርገው ይጥፉታል፤ እኔ ከእነሱ የተሻለ አላገኘሁም። የገባው ውኃ ምንጣፉ ሥር ተኝቶ ወለሉን ያዝገዋል፤ ምንጣፉን አንስታችሁ አድርቁ። ባትሪው ኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ሽቦ ከነካው እሳት ያስነሳልና በላዩ የጎማ ወይም የላስቲክ መሸፈኛ አድርጉበት።

ማስነሳት

ካንዴላዎቹንና የዲስትሪቢውተሩን ክዳን መልሱ፣ የዘይቱን ልክ እዩ። ሞተሩ 2.5 ሊትር ነው የሚይዘው፤ ከዚያ በላይ መሙላት ጥቅም የለውም። አስነሱትና በሁለቱም ክዳን ሥር ጎንበስ ብላችሁ የሚያንጠባጥብ ካለ እዩ። ትንሽ ቲክ ቲክ ከሰማችሁ ተዉት።

ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፉ። በ5000 ኪሎ ሜትር፣ ዘይት ስትቀይሩ፣ እንደገና ትከፍቱታላችሁ።