የገናዋን ኤልፍ በሽቦ ማጠንከር፦ እንደተቀመጠች እንድትቆይ

አሜሪካ ውስጥ ዲሴምበር ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ኤልፍ የምትባለዋን፣ በተረት የገና አባት ረዳት የሆነችውን እግረ ቀጭን አሻንጉሊት ያወጣል። ወላጆች ማታ ማታ ቦታዋን ይቀይራሉ፤ ልጆች ጠዋት ተነስተው ዛሬ የት ናት እያሉ ይፈልጓታል። ጨዋታው በልጆቹ በኩል የሐበሻ ቤቶችም ገብቷል። ከሱቅ የምትገዛዋ አሻንጉሊት ግን ብዙ ጊዜ ውስጧ ጥጥ ብቻ ነው። መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጧት ትንሸራተታለች፤ መጋረጃ ላይ ሲሰቅሏት ትወድቃለች፤ እጇም ምንም አይጨብጥም። መፍትሔው ከእጅ እስከ እግር የሚደርስ የሽቦ አጽም ማስገባት ነው። መርፌና ክር መያዝ ለሚችል ሰው የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ሽቦው

ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የሽቦው ዓይነት ነው። ቁመቷ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አሻንጉሊት፣ ለእግርና ለወገብ 2 ሚሊ ሜትር (12 ጌጅ)፣ ለእጅ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የአሉሚኒየም ሽቦ ይግዙ። የእደ ጥበብ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ይገኛል፤ ለቦንሳይ (በሳህን ለሚያድገው ድንክ ዛፍ) ማጠፊያ የሚሸጠውም ያው ነው። በጣት ይታጠፋል፣ በታጠፈበት ይቆያል፣ እንደ ብረት አይዝግም።

ከኤሌክትሪክ ገመድ የሚወጣው መዳብ እጅ ላይ ስለሚገኝ ያጓጓል። መጀመሪያ ለስላሳ ነው፤ በታጠፈ ቁጥር ግን እየጠነከረ ይሄድና አንድ ቀን ጉልበቷ ላይ ቀጭ ይላል። የአጥር ሽቦ ተመልሶ ይቃናል፤ ለማጠፍ የሚጠይቀው ኃይልም ስፌቱን ይተረትራል። ጥቁሩ የማሰሪያ ሽቦ ለመታጠፍ ጥሩ ቢሆንም እርጥበት ሲያገኘው ዝገቱ በጨርቁ ላይ ይወጣል። ፓይፕ ክሊነር የሚባለው ጭራማ ሽቦ ደግሞ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ቢገምዱት እንኳ እጅን ብቻ ነው የሚችለው፤ የፕላስቲክ ጭንቅላት ያላትን አሻንጉሊት አያቆምም።

ልዩነቱ የሚታየው በቀናት ብዛት ነው። ከዲሴምበር 1 እስከ 24 አሻንጉሊቷ 24 ሌሊት ትታጠፋለች፤ ታኅሣሥ 29 የሚውለውን የእኛን ገና ጠብቆ የሚያነሳት ቤት ደግሞ እስከ ዋዜማው 37 ሌሊት ያደርሳታል። ሽቦን የሚሰብረው የአሻንጉሊቷ ክብደት ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ መታጠፉ ነው።

ከሽቦው ሌላ የሚያስፈልገው ሹል አፍ ያለው ፒንሳ፣ ትንሽ ስለታም መቀስ፣ የሹራብ መርፌ፣ የጨርቅ ፕላስተር፣ ከልብሷ ቀለም ጋር የሚሄድ የፖሊስተር ክርና ትርፍ ጥጥ ነው። በናስትሮ ፋንታ ፕላስተር ያልነው፣ የናስትሮ ሙጫ በሙቀት ስለሚላላና ሽቦው ስለሚያዳልጥበት ነው።

አጽሙን መሥራት

አሻንጉሊቷን ወረቀት ላይ አጋድመው ዙሪያዋን በእርሳስ ይሳሉ። ሽቦው ከጣቶቿ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ማለቅ አለበት፤ እስከ ጫፍ ከደረሰ በሳምንት ውስጥ ጨርቁን ይበሳዋል።

እግሯ 14፣ ደረቷና ወገቧ አንድ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ 2 ሚሊ ሜትሩን ሽቦ 52 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡ። መሐሉን እስክሪብቶ ላይ ጠምጥመው ቀለበት ያውጡለት፤ ይህ ቀለበት ከአንገቷ ሥር የሚያርፈው ነው። ከቀለበቱ በታች የወረዱትን ሁለቱን የሽቦ ክፍሎች እስከ ወገብ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ላላ አድርገው ይገምዱ፤ ከዚያ በታች ለሁለት ተከፍለው እግር ይሆናሉ። አጥብቆ መገመድ ወገቧን ግትር ያደርጋታል፤ ሽቦውንም ያሳጥረዋል።

ለእጅ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። መሐሉን በአንገቱ ቀለበት ውስጥ አሳልፈው አንድ ዙር ይጠምጥሙት፤ መጋጠሚያውን በክር አጥብቀው አስረው ፕላስተር ያልብሱት። ሁለቱ እጆች በየራሳቸው ሽቦ ከተሠሩ ትከሻዋ ውስጥ የሚይዛቸው የለም፤ እጇን ሲያነሱት ሽቦው ብቻ ይዞርና ጨርቁ ባለበት ይቀራል። እግርም ላይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ አጽሙ አንድ ወጥ ይሁን።

አሁን አራት የተቆረጡ ጫፎች ይቀራሉ፤ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። እያንዳንዱን በፒንሳ ወደ ራሱ መልሰው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተዘጋ ቀለበት ያድርጉትና በፕላስተር ሁለት ዙር ይሸፍኑት። ጫፉን በጣትዎ ሲዳስሱት ምንም ነገር መጫር የለበትም።

ማስገባት

ብዙዎቹ አሻንጉሊቶች ሲሸጡ እጆቻቸው ወይም ጉልበቶቻቸው በክር ተያይዘው ነው። ክሩን በመርፌ ወደ ላይ ስበው እሱን ብቻ ይቁረጡ። ከዚያ ከአንገቷ በታች እስከ ወገቧ ያለውን የጀርባ ስፌት ስድስት ወይም ሰባት ሴንቲ ሜትር ይፍቱ። የጀርባ ስፌት ከሌላት ልብሷ የሚሸፍነውን ጎን ይምረጡ። የደረቷን ጥጥ አውጥተው ያስቀምጡት፤ የእጅና የእግሩን ግን አይንኩት።

ሽቦውን እንዲሁ አይግፉት። ብቻውን የሚገፋ ሽቦ ጥጡን ጥሎ ከጨርቁ ጋር ተለጥፎ ይወርዳል፤ ከውጭ እንደ ጅማት ይታያል፣ ሲታጠፍም ጨርቁን እየፋቀ ይበላዋል። በቅድሚያ የሹራብ መርፌውን በእግሯ መሐል ለመሐል እያዞሩ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ያውርዱ። ሲያወጡት ጥጡ ውስጥ መንገድ ይተዋል፤ ቀለበት ያለው የሽቦ ጫፍ በዚያ ይከተል። እግሯ ዳሌዋ ላይ በስፌት ተዘግቶ ከሆነ መሐሉ ላይ ቀለበቱን የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ይክፈቱ።

እግሮቿ ከገቡ በኋላ የእጁን ሽቦ በጀርባዋ ክፍተት በኩል ቀስት አድርገው ያጉብጡትና ሁለቱን ጫፎች ወደየእጅጌያቸው ያስገቡ፤ ከዚያ ጉብጠቱን ወደ ውስጥ ሲገፉት እጆቿ ራሳቸው ይዘረጋሉ። በመርፌ ከመዳፏና ከእግሯ ስፌት ላይ ገብተው በሽቦው ቀለበት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ግን ይኸው ነው።

ጥጡን ሲመልሱ መጀመሪያ ከአጽሙ ፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ ይሙሉ፤ ሽቦው መሐል ላይ መቅረት አለበት። በጣም ከታጨቀች ጥጡ ራሱ መልሶ ያቃናታል፣ ሽቦው ደካማ ነው ብለው ያስባሉ። ጭንቅላቷ ከባድ ሆኖ ስትቀመጥ ወደፊት ከተደፋች፣ 40 ግራም ያህል ሮንዴላ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍተው መቀመጫዋ ላይ ያስቀምጡላት። ሩዝም ይሠራል፤ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ካርቶን ውስጥ ስትቀመጥ ነቀዝ ይጠራል። ጀርባዋን ክሩ ከውጭ በማይታይ ስፌት፣ አንዴ ከአንዱ አንዴ ከሌላው ጠርዝ እየነከሱ፣ ይዝጉ።

ስትታጠፍ

ጉልበቷንና ክርኗን ሲያጥፉ ጣትዎን ወይም እስክሪብቶ ከሥር አድርገው ክብ ያድርጉት። እንደ ወረቀት የተቆለመመ ሽቦ ያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ከተሰበረ ሁለቱን ቁራጮች በፕላስተር ማያያዝ አያዋጣም፤ ሹሉ ጫፍ ውስጥ ይቀራል፣ አጽሙን አውጥቶ መቀየር ይሻላል።

አምፖል ይዛ እንድትቆም ወይም ሶኬት አጠገብ እንድትቀመጥ አያድርጉ፤ ውስጧ ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መዳፏ ዕቃ እንዲይዝ ቬልክሮ ይስፉበት። ትንንሽ ማግኔት ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ልጅ ባለበት ቤት ይቅር። ሁለት ማግኔት የዋጠ ሕፃን አንጀቱ መሐላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል። ሽቦ ያላት አሻንጉሊት ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መጫወቻ አትሆንም፤ ለትልልቆቹም አልጋ ውስጥ አትገባም። የጨዋታው ደንብ ልጆች ኤልፏን እንዳይነኳት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ስትቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ላይ ላዩን ይጥረጉ፤ ማሽን ውስጥ አይክተቷት። ስታስቀምጧት እጅና እግሯን ቀጥ አድርገው ያጋድሟት፤ ከማንሳትዎም በፊት አራቱን ጫፎች በጣትዎ ይፈትሹ።