የአራተኛውን አውትፊልደር መጪ የውድድር ዘመን እንዴት መገመት ይቻላል

በቤዝቦል ኮከብ ተጫዋችን መገመት አያስቸግርም። አሮን ጀጅ ጤናው ከተሟላ ይመታል፤ ክርክሩ ስንት ሆምረን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚወጣ ምት) በሚለው ላይ ብቻ ነው። የሚያስቸግረው አንድ እግሩ ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው ሊግ)፣ አንድ እግሩ ትሪፕል-ኤ (ከእሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው) ላይ ያለው አራተኛ አውትፊልደር ነው፤ የሜዳውን የኋላ ክፍል ከሚጠብቁት ሦስት ቋሚዎች ቀጥሎ ያለው ተጠባባቂ። የካቲት ሲገባ ግማሹ ደጋፊ «ዘንድሮ ይፈነዳል» ይላል፣ ግማሹ «አበቃለት» ይላል፤ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ባቱ (መምቻው) ነው። የዚህ ዓይነት ተጫዋች ግምት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በባት አመታቱ ሳይሆን ስንት ጊዜ ለመምታት ይቆማል በሚለው ቁጥር ነው። በዚህ ጽሑፍ «ተራ» የምንለው እሱን ነው፤ መታም አልመታም፣ በዎክ (አራት የተበላሸ ውርወራ አግኝቶ በነፃ) አለፈም በስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት) ተመለሰም፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ የጨረሰው ሁሉ አንድ ተራ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው፤ ኤክሴል፣ ያለፉት 3 ዓመታት ቁጥሮች (ቤዝቦል ሬፈረንስ ላይ በነፃ ይገኛሉ) እና የቡድኑ የተጫዋቾች ዝርዝር። እንደ ስቲመርና ዚፕስ ያሉትን የተዘጋጁ ትንበያዎች የራስዎን ሳይጨርሱ አይክፈቱ። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ቁጥሩን ካዩ በኋላ የሚሠሩት ስሌት ሁሉ ሳያውቁት ወደዚያው ያዘነብላል። መጨረሻ ላይ ለማነጻጸር ይጠቅማሉ።

1. የ3 ዓመቱን ቁጥር ወደ አማካይ ይሳቡ

ቀላሉ ዘዴ የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ ቶም ታንጎ የሠራው «ማርሴል» ነው። የጦጣ ስም ያወጣለት ጦጣም ቢሆን ይሠራዋል ለማለት ነው፤ ሆኖም ከብዙ ውስብስብ ቀመር ጋር ተፎካክሮ አያሳፍርም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የመጨረሻውን ዓመት ቁጥር በ5፣ ከዚያ በፊት ያለውን በ4፣ ሦስተኛውን በ3 ያባዙና ይደምሩ። በዚያ ላይ በሊጉ አማካይ ልክ የተመቱ 1,200 ተራዎችን ይጨምሩበት። በመጨረሻ ዕድሜውን ያስተካክሉ፤ ከ29 በታች ለሆነበት ለእያንዳንዱ ዓመት 0.6 በመቶ ከፍ፣ ከ29 በላይ ለሆነበት 0.3 በመቶ ዝቅ።

በእውነተኛ ሰው እንየው። አሪስቲደስ አኪኖ በነሐሴ ወር 2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሲንሲናቲ ሬድስ 14 ሆምረን መታ፤ በናሽናል ሊግ አዲስ ገቢ ተጫዋች በአንድ ወር ይህን ያህል መትቶ አያውቅም ነበር። ዓመቱን የጨረሰው በ225 ተራ 19 ሆምረን ይዞ ነው፤ ከመቶ ተራ 8.4 ማለት ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ 600 ተራ ያገኛል ብሎ ያባዛ ደጋፊ 50 ሆምረን ላይ ደረሰ።

በማርሴል ሲሰላ፣ 19 በ5 ሲባዛ 95፤ 225 በ5 ሲባዛ 1,125። በ2018 አንዲት ተራ ብቻ ስለነበረችው በ4 አባዝተን 1,129 እናደርገዋለን። የ2019 ሊግ ከመቶ ተራ ወደ 3.6 ሆምረን የተመታበት ነው (በጠቅላላው 6,776፣ ክብረ ወሰን)። ስለዚህ 1,200 ተራ ሲጨመር 43 ሆምረን ይዞ ይመጣል። 138 ለ2,329 ሲካፈል 5.9 በመቶ፤ በ2020 ዕድሜው 26 ስለሚሆን ከፍ ስናደርገው 6.0። ከ8.4 ወደ 6 መውረዱ ጨካኝ ይመስላል። የሆነው ግን ከዚያም የከፋ ነው። በኮቪድ ምክንያት ባጠረው የ2020 ዘመን በ23 ጨዋታ 2፣ በ2021 በ84 ጨዋታ 10፣ በ2022 በ80 ጨዋታ 10 ሆምረን፤ የመምታት አማካዩ (ሂት፣ ማለትም መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት፣ ለመምታት ሙከራው ሲካፈል) በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት 0.190 እና 0.197። ከዚያ ወደ ጃፓን ተሻገረ።

ስሌቱ ለምን ቸር ሆነ? «አማካይ» የተባለው የማን አማካይ እንደሆነ ማየት ነው። የሊጉ አማካይ ውስጥ ኮከቦቹ አሉበት፤ እነሱም ብዙ ተራ ስለሚያገኙ ቁጥሩን ወደ ላይ ይጎትቱታል። እያስመጡ የሚመልሱት ተጫዋች መሳብ ያለበት ወደ ራሱ ቢጤዎች አማካይ ነው። የእኛ ልማድ ከሊጉ አማካይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዝቅ ያለ ቁጥር መጠቀም ነው፤ ጓንቱ ጥሩ ሆኖ ለመከላከል ብቻ የሚያቆዩት ከሆነ ከዚያም በታች።

ሌላው ችግር ማርሴል ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። የስትራይክአውት መጠን ከ60 ተራ ገደማ በኋላ ስለ ሰውየው ጥሩ ምልክት መስጠት ይጀምራል፤ ዎክ 120 አካባቢ፣ ሆምረን 170 አካባቢ ይፈልጋል። ሜዳ ውስጥ የገባ ኳስ ሂት የመሆን ዕድሉ ግን ከ800 በላይ ኳስ ይጠይቃል፤ ይህ ለአንዳንዱ አራተኛ አውትፊልደር የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። ስለዚህ በ150 ተራ ውስጥ 35 በመቶ ስትራይክአውት ካዩ ይመኑት፣ 0.290 አማካይ ካዩ አይመኑት።

2. ዕድሉን ይለዩ

ሜዳ ውስጥ ከገባው ኳስ ስንቱ ሂት እንደሆነ ለማወቅ፣ ሂት ሲቀነስ ሆምረን፣ ያንን ለተቆጠሩ የመምታት ሙከራዎች (ዎክና ሳክሪፋይስ የማይገቡበት ተራ) ሲቀነስ ስትራይክአውት፣ ሲቀነስ ሆምረን፣ ሲደመር ሳክሪፋይስ ፍላይ (መቺው ራሱ ወጥቶ ሯጭ የሚያስገባበት ከፍ ያለ ምት) ያካፍሉት። የሊጉ ውጤት ከ0.290 እስከ 0.300 ይዋልላል። ለምሳሌ 180 ሙከራ፣ 50 ሂት፣ 6 ሆምረን፣ 55 ስትራይክአውት፣ 1 ሳክሪፋይስ ያለው ሰው ብንወስድ፣ 44 ለ120 ሲካፈል 0.367 ይሆናል። የመምታት አማካዩ 0.278 ነው፣ ያምራል። ያንኑ 120 ኳስ በ0.300 ብናስኬደው ግን 44ቱ ሂት 36 ይሆናል፣ ከ6ቱ ሆምረን ጋር 42፤ አማካዩም 0.233። በስምንት ኳስ ልዩነት አንዱ ሰው ተፈላጊ፣ ሌላው ወደ ታች ተላኪ ሆነ።

ሩጫው ፈጣን ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ 0.300 አያውርዱት። ቤዝቦል ሳቫንት ላይ የሩጫ ፍጥነቱን ያያሉ፤ የሊጉ አማካይ በሰከንድ 27 ጫማ ነው፣ 30 ጫማ የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። እዚያው ገጽ ላይ ኳሱ ከባቱ ሲለቅ ያለውን ፍጥነት ይመልከቱ። አማካዩ ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውንም። በሰዓት 112 ማይል አንዴ የመታ ሰው አቅሙ አለው፤ 104ን አልፎ የማያውቀው ግን 20 ሆምረን ቢመታ እንኳ ይጠራጠሩ።

3. የትሪፕል-ኤ ቁጥር

ሬኖ፣ አልበከርኪና ላስ ቬጋስ ከፍታ ላይ ያሉ፣ አየራቸው ደረቅ የሆነ ሜዳዎች ናቸው፤ ኳስ ይበርራል። እዚያ የተመታ 25 ሆምረን ሌላ ቦታ 25 አይሆንም። የዓመቱንም ኳስ ይጠይቁ፤ በ2019 ትሪፕል-ኤ የሜጀር ሊጉን ኳስ መጠቀም ሲጀምር ሆምረን በእጅጉ ጨምሯል፣ የአኪኖ በሉዊቪል በ78 ጨዋታ የተመታ 28 ሆምረንም የዚያው ዓመት ነው። ከታች የሚወስዱት ስትራይክአውትና ዎክን ይሁን፤ እዚያ 28 በመቶ ስትራይክአውት ያለበት ሰው ሜጀር ሊግ ሲወጣ 30ን ያልፋል ብለው ይያዙ። የመምታት አማካዩን ይተዉት።

4. ተራውን ያከፋፍሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ደጋፊ በተናጠል ሲገምት ለእያንዳንዱ አውትፊልደር 550 ተራ ይሰጣል፤ ሲደመር ቡድኑ በዓመት 200 ጨዋታ የሚጫወት ይመስላል። መፍትሔው ከቡድኑ መጀመር ነው። አንድ ቡድን በ162 ጨዋታ ወደ 6,100 ተራ ያገኛል፤ ለዘጠኝ ሲካፈል ለአንድ ቦታ ወደ 680። ሦስቱ የአውትፊልድ ቦታዎችና ጓንት ሳያደርግ የሚመታው ተጫዋች ቦታ ሲደመሩ ወደ 2,700 ይሆናሉ። ከዚህ በላይ የለም።

አሁን ከላይ ወደ ታች ይስጡ። ሁለቱ ዋና አውትፊልደሮች 600፣ 600፤ ሦስተኛው 450፤ የመምታት ብቻ ተጫዋቹ 550። ይህ 2,200 ነው። የቀረው 500 ለአራተኛው፣ ለአምስተኛው፣ ከታች ለሚመጣው ልጅና በሐምሌ በዝውውር ለሚገባው ሰው ሁሉ ነው። የእርስዎ ሰው ከዚያ 200 ካገኘ ጥሩ ድርሻ ነው። ማርሴልም ለዚህ ቀመር አለው (ያለፈው ዓመት ግማሽ፣ የዚያ በፊቱ አንድ አሥረኛ፣ ሲደመር 200)፤ ለአኪኖ 313 ይሰጠዋል። ቀመሩ ቡድኑን ስለማያውቅ ለቋሚ ተሰላፊ እንጂ ለተጠባባቂ ወንበር አይሆንም።

ድርሻውን የሚወስኑት ነገሮች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ወንበሩ ጠባብ ነው፦ ከ26 ተጫዋች 13ቱ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ናቸው፣ 9 ይሰለፋሉ፣ አንድ ተጠባባቂ ካቸር (ኳስ ተቀባይ) አለ፤ የሚቀሩት ሦስት ወንበሮች ናቸው። አንዱን የኢንፊልድ (የሜዳው የፊት ክፍል) ሰው ይወስደዋል። ስለዚህ ሴንተርፊልድ (የአውትፊልዱን መሐል) መሸፈን የማይችል ተጠባባቂ አውትፊልደር፣ ባቱ ካልጮኸ በስተቀር፣ የሚቆይበት ምክንያት ያንሳል።

ሁለተኛ፣ በየትኛው እጅ ይመታል? ከፒቸሮቹ አብዛኞቹ ቀኝ እጅ ናቸው፤ መቺ ደግሞ በአብዛኛው በተቃራኒው እጅ በሚወረውር ፒቸር ላይ ይሻለዋል። ግራ እጅ መቺ ሆኖ ከቀኝ እጅ መቺ ጋር ቦታ የሚጋራ ሰው ትልቁን ድርሻ ያገኛል፤ ቀኝ እጅ የሆነው ግራ ፒቸር የሚጀምርበትን ቀን ይጠብቃል፣ እሱም ከጨዋታዎቹ ከሲሶ ያነሰ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ደጋፊ የሚረሳው «ኦፕሽን» ነው፤ ቡድኑ ተጫዋቹን ሳያጣ ወደ ማይነር (ከሜጀር ሊጉ በታች ወዳሉት ሊጎች) የመላክ መብት ማለት ነው። በ40ዎቹ ዝርዝር (ቡድኑ በሜጀር ሊግ ደረጃ በያዛቸው 40 ተጫዋቾች) ያለ ተጫዋች በአንድ ዘመን 20 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ማይነር ከተላከ አንድ የኦፕሽን ዓመት ይቃጠላል፤ ያለው ሦስት ነው። ኦፕሽን ያለው ሰው ይመላለሳል፤ ከ2022 ወዲህ በአንድ ዘመን ከአምስት ጊዜ በላይ መላክ አይቻልም፣ ወደ ታች የሄደ መቺም በጉዳት ለወጣ ሰው ካልተተካ በስተቀር 10 ቀን ይቆያል። ለዚህ ሰው የሚጻፈው ተራ ከ100 እስከ 200 ነው። ኦፕሽኑ ያለቀበት ግን ወይ ቡድኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ ለዋይቨር (ሌሎች ቡድኖች እንዲወስዱት ስሙ ለሚቀርብበት ሂደት) ይቀርባል፤ ሌላ ቡድን ከወሰደው ሜዳውም፣ ተፎካካሪዎቹም፣ ግምትዎም ይለወጣሉ። ተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ከስሙ አጠገብ የቀረውን ኦፕሽን ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

አራተኛ፣ ቡድኑ ራሱ። ብሬንት ሩከር በኅዳር 2022 በዋይቨር ከካንሳስ ሲቲ ወደ ኦክላንድ ሲሄድ 28 ዓመቱ ነበር። ኦክላንድ በ2023 112 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው፤ ሊያስቀምጠው የሚችል የተሻለ ሰው አልነበረም። በ137 ጨዋታ 30 ሆምረን መታ። ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ውስጥ ቢሆን በሚያዝያ አንድ መጥፎ ሁለት ሳምንት ይመልሰው ነበር።

5. ሦስት መልክ ይጻፉ

አንድ ቁጥር ብቻ መጻፍ ለዚህ ተጫዋች አይሠራም። 200 ተራ ያገኛል ስንል ውስጡ እንዲህ ነው፦ 30 በመቶ ምንም የማያገኝበት፣ 40 በመቶ 180 የሚያገኝበት፣ 30 በመቶ በሰው ጉዳት 420 የሚያገኝበት ዕድል። አማካዩ 198 ነው፤ ግን 198 ራሱ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። የላይኛውን ጫፍ ባዶ አያድርጉት። ጄ ዲ ማርቲኔዝን ሂዩስተን በመጋቢት 2014 ሲያሰናብተው ያለፈው ዓመቱ 0.250 እና 7 ሆምረን ነበር፤ በክረምቱ የባት ምቱን ከመሠረቱ ለውጦ ስለነበር በዲትሮይት 0.315 እና 23 ሆምረን መታ። የሦስት ዓመት ቁጥር ያንን አያሳይም። ከዝግጅት ጨዋታዎች የሚወሰደውም ይህ ብቻ ነው፦ አቋቋሙ ተለውጧል? ኳሱ ከዚህ በፊት ባልነበረ ፍጥነት ይለቃል? አሠልጣኙ ሴንተርፊልድ ላይ ያቆመዋል? ዝግጅቱ በሚካሄድባቸው በፍሎሪዳና በአሪዞና የተመዘገበ የመምታት አማካይ ላይ ጊዜ አያጥፉ፤ ግማሹ የተመታው በነሐሴ ደብል-ኤ (ከትሪፕል-ኤ በታች ያለ ሊግ) በሚሆኑ ፒቸሮች ላይ ነው።

የተሰረቀ ቤዝ (ሯጩ ምት ሳይኖር ወደ ቀጣዩ ቤዝ የሚደርስበትን) የሚገምቱ ከሆነ ከ2023 በፊት ያለውን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱ። ቤዙ ሰፋ፣ የፒቸሩም መወርወሪያ ጊዜና ወደ ቤዝ የሚወረውርበት ብዛት ተገደበ፤ በአጠቃላይ ከ2,486 ወደ 3,503 ዘልሏል። ፈጣን ተጠባባቂ ያለ ባት ተራ፣ በሯጭነት ብቻ ገብቶ 10 ሊሰርቅ ይችላል።

6. ቀን ጽፈው ያስቀምጡ

ከመክፈቻው ጨዋታ በፊት ፋይሉን ይዝጉ። በመስከረም መጨረሻ ሁለት ስህተት ለየብቻ ይመዝግቡ፦ በተራው ብዛት ስንት ተሳሳቱ፣ በአንድ ተራ ውጤቱ ስንት ተሳሳቱ። አንድ ላይ ከመዘኗቸው ባቱን በትክክል ገምተው ተራውን የሳቱበትን ሥራ በከንቱ ይጥሉታል። ከዚያ ያንኑ ልዩነት «ሁሉም ሰው የሊጉን አማካይ በ200 ተራ ይመታል» ከሚል ጅል ግምት ጋር ያነጻጽሩ። አሥር ተጫዋች ላይ እሱን ካላሸነፉ ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው አራተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ የ2,700ውን ሠንጠረዥ ከፍተው የጉዳትና የዝውውር ድርሻውን ምን ያህል እንዳሳነሱት ይዩ።