ትንሽ ከተማ ወደ ኦሎምፒያ ጥያቄ ስትልክ የሚሠሩ ስህተቶች

በዋሽንግተን ስቴት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ለየከተማው ምክር ቤት የማይቀር አንድ አጀንዳ አለ፤ በጃንዋሪ በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ ሥራ ለሚጀምረው ሕግ አውጪ ከተማችን ምን ትጠይቅ? የሚለው። አንዳንዴ ከማታው ስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ነው የሚነሳው። በሲያትል ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ከተሞች የምንኖር አበሾች ጥቂት አይደለንምና ስህተቶቹን ማወቅ ለተመራጮቹ ብቻ የሚተው አይመስለኝም። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የከፋው ሁሉንም መጠየቅ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ምክር ቤት እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጉዳይ ቢያመጣ፣ ማንም ማንንም ማስቀየም ስለማይፈልግ፣ ሃያ አንዱም «ቅድሚያ» ተብሎ ይጸድቃል። በስቴቱ 281 ከተሞች አሉ፤ የሕግ አውጪው አባላት ግን 98 በታችኛው፣ 49 በላይኛው ምክር ቤት፣ በድምሩ 147 ብቻ ናቸው። ያን ሁሉ ወረቀት ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? ከተማዋ ራሷ የምትሟገትላቸውን፣ ከንቲባዋን ልካ የምታስመሰክርባቸውን ሦስት ወይም አራት ጉዳዮች ለብቻ ታውጣ። የቀረው «እንደግፋለን» በሚል ሌላ ገጽ ይቀመጥ።

ለምሳሌ የንብረት ግብሩን ገደብ እንይ። አንድ ከተማ ያለ መራጮች ፈቃድ ከነባር ንብረት የምትሰበስበውን ግብር በዓመት ከ1 በመቶ በላይ እንዳታሳድግ የሚከለክለው ደንብ በ2001 በሕዝብ ድምፅ መጣ፤ በ2007 ፍርድ ቤት ሻረው፤ በዚያው ዓመት ሕግ አውጪው መልሶ አጸደቀው። ደመወዝና የጥገና ወጪ 1 በመቶ ላይ ቆመው አይጠብቁም፤ ስለዚህ ከተሞች ሁሉ ያማርራሉ። ግን ይህ የከተሞቹ ማኅበር የሚሸከመው ጉዳይ ነው። ትንሿ ከተማ ፊርማዋን ታኑርበትና የራሷን ድምፅ ሌላ ማንም ለማይናገርለት፣ ለምሳሌ ልጆች ለሚሻገሩበት ለዚያ አንድ መንገድ ታውለው።

ምኞትን እንደ ጥያቄ ማቅረብም የተለመደ ነው። «የሕዝብ ደህንነት ይጠናከር» ቢባል እንደራሴዋ «እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ማለቷ አይቀርም። የትኛው አንቀጽ ይሻሻል? ስንት ዶላር፣ ከየትኛው በጀት? ከተማዋስ ከራሷ ምን ያህል አስቀምጣለች? ጉዳዩ በስቴቱ እጅ መሆኑም ይጣራ። ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ አውቶቡስ መስመር ቢቀነስ የሚጠየቀው ካውንቲው እንጂ ኦሎምፒያ አይደለም።

ጊዜን አለማወቅ ሌላው ነው። ጉባኤው የሚከፈተው በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ነው፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በሆነ ዓመት 105 ቀን፣ ሙሉ በሆነ ዓመት 60 ቀን ይቀመጣል። የሁለት ዓመቱ በጀት የሚወጣው በጎዶሎው ዓመት ነው፤ በሙሉው ዓመት የሚደረገው ማስተካከያ ነው። ስለዚህ ትልቅ የገንዘብ ጥያቄ በአጭሩ ጉባኤ ይዞ መሄድ አይመከርም። ረቂቅ ሕጎች ደግሞ ከዲሴምበር ጀምሮ አስቀድመው ስለሚገቡ፣ ዝርዝሩን ጃንዋሪ ላይ ማጽደቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እንደራሴዎቹን በኦክቶበር ጠርቶ ማነጋገር ይሻላል። ከየምርጫ ወረዳው ሦስት ስለሚመረጡ፣ ከተማዋ በሁለት ወረዳ ከተከፈለች ሰዎቹ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱን ብቻ ጋብዞ መቅረት ቅሬታ ያመጣል።

«አይሆንም» ብቻ ይዞ መሄድም አለ። በ2023 የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ ከ25,000 እስከ 75,000 ሰው ያላቸው ከተሞች በአንድ የቤት መሥሪያ ቦታ ላይ ቢያንስ ሁለት ቤት፣ ዋና የትራንስፖርት ጣቢያ አጠገብ ደግሞ አራት እንዲፈቅዱ ያዛል፤ ከዚያ በላይ ለሆኑት ቁጥሩ አራትና ስድስት ነው። የትንሽ ከተማን ዕጣ የሚወስኑት እነዚህ ቁጥሮች ናቸው። ሕጉን ጨርሶ ከመቃወም ሌላ ቃል የሌለው ሰው ቁጥሮቹ ሲጻፉ ምን ብሎ ይገባል?

ዝርዝሩ በሠራተኞችና በተቀጠረ ሎቢስት (ሕግ አውጪዎችን እንዲያግባባ በሚከፈለው ሰው) ብቻ ሲዘጋጅ ደግሞ ነዋሪው አይታይበትም። ለዚህ እኛም አለንበት፤ ለእድርና ለማኅበር ስብሰባ የምንሰጠውን ማታ ለምክር ቤቱ አንሰጥም። ለሕዝብ አስተያየት የሚፈቀዱት ጥቂት ደቂቃዎች ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ቢያዙ ይጠቅማሉ። ፈረቃ ኖሮበት ኦሎምፒያ ድረስ መንዳት ለማይችል ሰው፣ ከ2021 ወዲህ በቪዲዮ መመስከር ይቻላል፤ ምዝገባው የሚዘጋው ኮሚቴው ከመሰብሰቡ አንድ ሰዓት በፊት ነው።