በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ለአእምሮ ዕረፍት የሚሆን ጓሮ እንዴት ይዘጋጃል?

ከአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ ብዙ አረጋውያን ከጎረቤቶቻቸው ቀጥሎ የሚናፍቁት ጓሯቸውን ነው። ጤና አዳሙና የጎመኑ መደብ ሲቀሩ በየማለዳው ከቤት የሚያስወጣቸው ሥራም አብሮ ቀርቷል። በጭንቀት፣ በድብርት ወይም በብቸኝነት የሚቸገር ሰው፣ ወጣትም ይሁን አረጋዊ፣ ያንን ሥራ በጠባብ በረንዳ ላይ መልሶ ሊያገኘው ይችላል።

ድብርት የተጫነው ሰው ብዙውን ጊዜ ስሜቱ ሲስተካከል ሥራ ለመጀመር ያስባል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን አነስተኛና ሰዓቱ የታወቀ ሥራ አስቀድሞ እንዲጀመር፣ ስሜቱም ቀስ በቀስ እንዲከተል ይመክራሉ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አትክልት እጅግ ይመቻል፤ ውኃ ያጣ ሰላጣ ጠውልጎ ይታያል፣ ከጠጣ በኋላ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀና ስለሚል ሠሪው የድካሙን ውጤት ያንኑ ቀን በዓይኑ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሞ የወጣ፣ በኔዘርላንድስ የተካሄደ ጥናት 30 አትክልተኞችን አስጨናቂ ፈተና ካሠራ በኋላ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ አትክልታቸውን እንዲንከባከቡ፣ ግማሾቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንዲያነብቡ አድርጎ ነበር። ኮርቲሶል የተባለው ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቢቀንስም አትክልት በነኩት ላይ ይበልጥ ቀንሷል፤ መልካም ስሜታቸው ሙሉ በሙሉ የተመለሰላቸውም እነርሱ ናቸው። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል ያመለክታል።

ሲጀመር ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ይበቃል። አሥር ዕቃ በአንድ ጊዜ የሞላ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ግዴታ በራሱ ላይ የጫነ ያህል ስለሚሰማው፣ ማነሱ ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን በጎኑ ተቆርጦ፣ ወይም ያረጀ ባልዲ፣ ከታች አራት አምስት ቦታ በጋለ ምስማር ተበስቶ ያገለግላል። ለአፈሩ ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት እና አንድ እጅ አሸዋ ማደባለቅ ተገቢ ነው። እርጥብ አፈር ከባድ ስለሆነ ዕቃው በበረንዳው አጥር ላይ ሳይሆን በወለሉ ላይ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጥ። ውኃው ከታች ባለው ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከሥሩ ሳህን ማድረግም አይዘንጋ።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ቆስጣና ሰላጣ ነው፤ በቀን አራት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኙ ይበቅላሉ፣ ቅጠላቸውም ከዳር ከዳር እየተቀነጠበ ለብዙ ሳምንታት ይበላል። አንዷ የተጨማደደች የቆስጣ ፍሬ በውስጧ ከአንድ በላይ ዘር ስለምትይዝ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያዎቹ ጣት ሲያህሉ ብርቱውን ትቶ ሌሎቹን ከሥር በመቀስ መቁረጥ ይሻላል፤ ቢነቀሉ የቀረውን ሥር ያናጋሉ። በሦስተኛው ዕቃ ጤና አዳም ይተከል። ከጎረቤት የተገኘ የስንዝር ያህል ቅርንጫፍ የታችኛው ቅጠሉ ተራግፎ እርጥብና አሸዋማ አፈር ውስጥ ቢሰካ፣ ጥላ ሥር ሆኖ በጥቂት ሳምንታት ሥር ይይዛል። ሽታው ለብዙዎቻችን ከቡና ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ትዝታ ይቀሰቅሳል፤ ነገር ግን ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቆጣ ስለሚችል ከቆረጡ በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። ቲማቲም በክረምት እርጥበት በቀላሉ በበሽታ ስለሚጠቃ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከርም።

የዕለቱ ሥራ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ የማለዳ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ስለሚያስተካክል የሌሊት እንቅልፍንም ያግዛልና። ስልኩ ቤት ይቅር። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገብቶ ደረቅ ከሆነ ብቻ ማጠጣት፣ ከዚያ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገልብጦ ጀርባቸውን ማየት፣ የቢጫውን መቅጠፍ፣ አዲስ የወጣውን መመልከት ነው። በብዙ ሐሳብ የተወጠረ አእምሮ እንዲህ ባለ ዝርዝር ላይ ሲያርፍ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ከሚያብሰለስለው ነገር ይላቀቃል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳሙና ያልነካው የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ተጠራቅሞ ተክሎቹን ለማጠጣት ሊውል ይችላል።

ከአልጋ መነሣት የሚከብድበት ቀን ይመጣል። ለዚያ ቀን የሚሆን ሥራ አስቀድሞ ይወሰን፤ አንድ ኩባያ ውኃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃል። ዘርም በአንድ ጊዜ ሁሉ ሳይዘራ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢዘራ፣ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ስለሚኖር ሰውየው ራሱን ለመውቀስ ምክንያት አያገኝም።

አጥብቄ የማሳስበው ጉዳይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ኬሚካሉ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ በተስፋ መቁረጥ ቅጽበት እጅ የሚደርስበት መርዝ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። በቆስጣ ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ቢታይ በጣት ጠርጎ፣ ወይም በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ረጭቶ፣ በኋላ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ለበረንዳ በቂ ነው።

ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለ፣ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ወይም በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳለ ተቋም ሳይዘገዩ መሄድ ያስፈልጋል። አትክልቱ ከመድኃኒቱና ከምክሩ ጎን ይቀጥላል፤ የታመመው ሰው እስኪመለስም ዕቃዎቹን የሚያጠጣ አንድ ጎረቤት ከወዲሁ ቢነገረው መልካም ነው።