ፈረንሳይኛን ከዜሮ ለመጀመር፦ በእንግሊዝኛ አትዙሩ፣ ከአማርኛ ተነሡ

አዲስ አበባ ላይ ፈረንሳይኛ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የእንግሊዝኛውን መንገድ ነው። ፊደሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቃሉን እንደ እንግሊዝኛ ያነበዋል፣ ዓረፍተ ነገሩንም በእንግሊዝኛ አስቦ ይገለብጠዋል። በዚህ መንገድ ወር ሙሉ ተምሮ አንድ ደቂቃ የፈረንሳይኛ ወሬ ሲሰማ ምንም አይገባውም። አማርኛ ግን በብዙ ቦታ ለፈረንሳይኛ ይቀርባል።

1. ሁለት ሳምንት ለጆሮና ለአፍ

የሰዋስው መጽሐፍ ገና አትክፈቱ። ቅዳሜ ላይ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 30 ደቂቃ ይሻላል። ቲቪ 5 ሞንድ የተባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለጀማሪዎች ደረጃ፣ ማለትም ለኤ1፣ ያዘጋጃቸው አጫጭር ቪዲዮዎችና መልመጃዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ከእነሱ ጀምሩ። 20 ሰከንድ ያህል ስሙ፣ አቁሙ፣ ጮክ ብላችሁ ድገሙ፣ ድምፃችሁን በስልክ ቅዱና ከዋናው ጋር አስተያዩ። በልብ ማንበብ እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም።

አንድ ነገር በነፃ ተሰጥቷችኋል። በፈረንሳይኛ በየዓረፍተ ነገሩ የሚመላለሱት ትንንሽ ቃላት ዠ፣ ተ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ደ፣ ነ፣ ከ ናቸው። የእኛን ግዕዝ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ፣ እንደወረደ ካላችሁ በጣም ትቀርባላችሁ። «ሊ» ወይም «ዲ» የሚል ካለ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው።

የሚያስቸግሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው በኢ እና በኡ መካከል ያለው ድምፅ ነው። «ኢ» በሉ፣ ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ብቻ ለ«ኡ» እንደምታደርጉት አሞጥሙጡ። ይህ ከተሳሳተ ነገር ይገለበጣል፤ «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለት ቃላት፣ በፊደላችን ሁለቱም «ደሱ»፣ የሚለያዩት በዚህ ድምፅ ብቻ ነውና። ፊደላችን ስለማይለየው ደብተራችሁ ላይ በአማርኛ ስትጽፉ በክብ ምልክት አድርጉበት።

ሁለተኛው በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው። «ቦን» ስትሉ ምላሳችሁ የላይኛውን ጥርስ ከነካ አበላሻችሁት። ን ሳይዘጋ በአፍንጫ ካለቀ ለወንድ «ጥሩ» ነው፤ ን ጥርት ብሎ ከተሰማ ለሴት ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛው ከጉሮሮ የሚወጣው ር ነው፤ እሱን የመጨረሻ አድርጉት። ር በምላሳቸው የሚያንከባልሉ የአፍሪካ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው፣ የአፍሪካ ኅብረት አካባቢም ቢሆን በእሱ ምክንያት ያልተግባባ የለም።

2. ንባብ

ጆሮ ትንሽ ከለመደ በኋላ ነው። በቃል መጨረሻ ያሉ ተነባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ አይነበቡም፤ ሲ፣ አር፣ ኤፍ እና ኤል ግን ብዙ ጊዜ ይነበባሉ። «ፐቲ» (ትንሽ፣ ለወንድ) በጽሑፍ መጨረሻው ቲ ነው፣ ዝም ይላል። ለሴት ሲሆን ኢ ይጨመርበትና ቲው ይነቃል፦ «ፐቲት»። ዝም ያለው ፊደል ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምርም ሊነቃ ይችላል፤ «ቩ» (እናንተ) እና «አቬ» (አላችሁ) ተገናኝተው «ቩ ዛቬ» ይሆናሉ። ጀማሪ «ዛቬ» የሚል አዲስ ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጠው ለዚህ ነው።

3. ስምን ከነጾታው

ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ስሙን ብቻውን አትያዙ፣ «ኧን» (አንድ፣ ለወንድ) ወይም «ዩን» (አንድ፣ ለሴት) አስቀድማችሁ ያዙ። እንደ እኛ «ው» እና «ዋ» ያሉት «ለ» (ለወንድ) እና «ላ» (ለሴት) አናባቢ ፊት ሲደርሱ ሁለቱም ወደ «ል» ስለሚያጥሩ ጾታውን ይደብቁታል። ለገሃርን ያወረሰን «ላ ጋር» ላይ ግን «ላ»ው በግልጽ አለ፣ ጣቢያው ሴት ነው። ደብተር ላይ ለወንድ ሰማያዊ፣ ለሴት ቀይ እስክሪብቶ ተጠቀሙ።

4. ግሥ

መጀመሪያ አራት ብቻ፦ ኤትር (መሆን)፣ አቭዋር (መኖር፣ «አለኝ» የምንለው)፣ አሌ (መሄድ)፣ ፌር (ማድረግ)። ከዚያ እንደ «ፓርሌ» (መናገር) ያሉት ይከተላሉ። ሠንጠረዡ ስድስት መስመር አለው ብላችሁ አትደንግጡ። እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እነሱ ሲጻፉ ቢለያዩም በጆሮ ሁሉም «ፓርል» ናቸው። «እኛ» በዕለት ንግግር «ኦን ፓርል» ነው። የሚቀራችሁ «ቩ ፓርሌ» ብቻ ነው።

አፍራሽ ስንል «አልናገርም» ውስጥ አል እና ም ግሡን ከሁለት ወገን እንደሚይዙት፣ እነሱም «ዠ ነ ፓርል ፓ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ይህን አያስተምራችሁም። «ቩ» እርስዎም እናንተም ነው፤ ለማታውቁት ሰው፣ ለጥበቃም ለሥራ አስኪያጅም እሱን ተጠቀሙ። «እሳቸው» ግን የለም። አዛውንቱንም ሕፃኑንም «ኢል» ማለት መጀመሪያ ላይ አፍ ያስራል፣ ነውር ግን አይደለም።

አማርኛ የሚያሳስትባቸውም አሉ። እኛ «እኔ»ን እየዋጥን «እሄዳለሁ» እንላለን፤ እነሱ ዘንድ «ዠ» ከተተወ ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ዕድሜም በ«ነው» አይነገርም፦ «ዤ ቬን ታን»፣ ሃያ ዓመት አለኝ ይባላል።

5. ቁጥር በታርጋ

እስከ 69 ቀላል ነው። 70 ግን «ስልሳ አሥር»፣ 80 «አራት ሃያ»፣ 90 «አራት ሃያ አሥር» ነው። ስለዚህ 97 «ካትር ቬን ዲ ሴት» ይሆናል። ይህ በመሸምደድ ሳይሆን በፍጥነት በመጥራት ነው የሚያዘው። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያልፉ መኪኖችን የታርጋ የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ጥሩ፤ መኪናው ሳይርቅ ካልደረሳችሁ ገና ነው።

6. ክፍል፣ መጽሐፍ፣ ፈተና

ብቻችሁን ሁለት ወር ከሠራችሁ በኋላ የሚያርማችሁ ሰው ያስፈልጋል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአዲስ አበባው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ተቋም፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ በደረጃ የተከፋፈሉ ኮርሶች አሉት። የትም ብትመዘገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ፣ ደረጃውን ለመጨረስ ጠቅላላው ስንት ሰዓት ነው? ኤ1 ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ይገመታል፤ «በ20 ሰዓት እናስጨርሳለን» የሚል ካለ እለፉት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መማሪያ ስትገዙ ሲዲው ወይም ድምፁ የሚገኝበት መንገድ መኖሩን እዩ፣ ያለ ድምፅ ግማሽ መጽሐፍ ነው።

ወረቀት ለሚፈልግ ዴልፍ የተባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ፣ ዴልፍ ኤ1፣ አለ። መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ይይዛሉ፤ ለማለፍ ከ100 ው 50 ይበቃል። ከአራቱ በአንዱ ከ5 በታች ያመጣ ግን ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን ይወድቃል፣ ስለዚህ መስማትን በጽሑፍ ነጥብ አካክሳለሁ ማለት አያዋጣም።