ከቀዶ ሕክምና ለወጣ ታካሚ የሚሰጥ ርኅራኄ የተሞላበት የነርስ እንክብካቤ

ከቀዶ ሕክምና ክፍል የወጣ ታካሚ ዐይኑን ሳይገልጥ በአልጋው ዙሪያ የሚባለውን ሊሰማ ስለሚችል፣ እንክብካቤው የሚጀምረው ከንግግር ነው። ጠጋ ብለው በስሙ ይጥሩት፤ ማን እንደሆኑ፣ እሱ የት እንዳለና ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ በዝግታ ይንገሩት። ማደንዘዣው ከሰውነቱ ገና ተጠርጎ ስላልወጣ የነገሩትን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ አዲስ ሊጠይቅዎት ይችላል። «ቅድም ነግሬዎት ነበር» አይበሉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቅም በመጀመሪያው ድምፅዎ ይመልሱለት።

በብዙ ሆስፒታሎች የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና የኦክስጅን መጠን በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው፣ ቀጥሎ በየ30 ደቂቃው፣ ታካሚው ሲረጋጋ ደግሞ በየሰዓቱ ይለካል። ደግ ነርሶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚውን እንቅልፍ ሲወስደው «ትንሽ ይረፍ» ብለው ልኬቱን ያልፉታል። ሞርፊንና መሰል ጠንካራ ማስታገሻዎች ትንፋሽን ስለሚያዘገዩ፣ ከውጭ ሲታይ የሰላም እንቅልፍ የሚመስለው፣ ማንኮራፋቱም ጭምር፣ የአየር መተላለፊያው እየጠበበ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ሳይነኩት አጠገቡ ቆመው ደረቱ ከፍና ዝቅ ሲል ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በደቂቃ ከ10 ጊዜ በታች የሚተነፍስ ከሆነ፣ ወይም ሲጠሩት በቀላሉ ካልነቃ፣ ቀጣዩን ማስታገሻ ያቆዩ፤ ቀስቅሰው በረጅሙ እንዲተነፍስ እያደረጉ ወዲያውኑ ሐኪም ያስጠሩ።

የፋሻው ገጽ መድረቁም አያዘናጋዎት። የሆድ ወይም የጎን ቁስል ሲደማ ደሙ ወደ ታች ወርዶ ከጀርባ ሥር ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ጓንት አድርገው፣ «ከወገብዎ ሥር እጄን ላስገባ ነው» ብለው ከነገሩት በኋላ አንሶላውን ይዳስሱ። ፋሻው ላይ ደም ካለ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ ከበው ሰዓቱን አጠገቡ ይጻፉ፤ ተረኛው ቢቀየር እንኳ ደሙ መስፋቱ ወይም መቆሙ ያለ ክርክር ይታወቃል። የልብ ምት መፍጠንና የቆዳ መቀዝቀዝ የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት ሊታዩ ስለሚችሉ፣ የግፊቱ ቁጥር ደህና ነው ብለው ብቻ አይመለሱ። የሚቁነጠነጥ ታካሚም ሁልጊዜ ቁስሉ አሞት አይደለም፤ ኦክስጅን አንሶት፣ ውስጥ ውስጡን እየደማ፣ ወይም ፊኛው ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ሕመምን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ሲጠይቁ ታካሚው የሚሰጠው ቁጥር የእሱ ነው፤ ነርስ አይቀንስለትም። ጸጥ ብሎ በተኛበት ብቻ ሳይሆን ሲያስልና ሲገላበጥ ምን ያህል እንደሚያመውም ይጠይቁት። «ደህና ነኝ፣ አይጨነቁ» እያለ የአልጋውን ብረት ጨምድዶ የያዘ ታካሚ ካጋጠመዎት፣ ቆየት ብለው በሌላ አነጋገር ደግመው ይጠይቁት። ማስታገሻውን ከሰጡ በኋላ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ» ካሉ በሰዓቱ ይገኙ፤ ሥራ ካጣደፈዎት ባልደረባዎን ይላኩ። በተረኝነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ የጥሪ ደወሉን ያለ እረፍት የሚጫን ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ «መጣሁ» ተብሎ የተረሳ ነው።

ማስነሣት ግን ጭካኔ አይደለም። በአልጋ ላይ ብዙ መቆየት ለሳንባ ምችና ለደም መርጋት ስለሚያጋልጥ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ታካሚው ቶሎ ሊንቀሳቀስ ይገባል። የሚዋጥ ማስታገሻ ለመሥራት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ ሰዓቱን አስልተው አስቀድመው ይስጡት። በጎኑ አዙረው ያስቀምጡት፤ እግሮቹን አንጠልጥሎ ለጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ አለማዞሩን ጠይቀው ብቻ ያቁሙት። በክንዱ አይጎትቱት። በሚያስልበት ጊዜ ትራሱን ቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጎ እንዲይዝ ያሳዩት፤ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በረጅሙ እንዲተነፍስም ያለማምዱት። አንዱ ባቱ ብቻ አብጦ ካመመው፣ አስታማሚዎች በቅንነት ሊያሹት ሲሞክሩ ያስቁሟቸው፤ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ፋሻ በሚቀየርበት ጊዜ መጋረጃውን ይዝጉ፤ ከሚሠሩበት ቦታ በቀር ሌላውን ገላ ይሸፍኑ። ቁስሉ ላይ የተጣበቀውን የፋሻ ጨርቅ (ጋዝ) በሳላይን፣ ማለትም በንጹሕ የጨው ውሃ፣ አርጥበው በዝግታ ያንሡት። እግሩ ለተቆረጠ፣ ጡቷ ለወጣ፣ ወይም ሆዱ ላይ የሰገራ መውጫ ለተሠራለት ሰው ይህ ሰዓት ከሕመሙ ይልቅ ይከብዳል፤ ቁስሉን ከማየቱ በፊት የሚያየው የእርስዎን ፊት ነውና ሽታው ቢከብድዎት እንኳ ግንባርዎን አይቋጥሩ። «ዛሬ ማየት ይፈልጋሉ ወይስ ሌላ ቀን?» ብለው ይጠይቁ፤ አልፈልግም ካለ አይጫኑት፣ ፊቱን ሲያዞርም ወሬ አይቀይሩ፣ ዝም ብለው አብረውት ይቆዩ።

አረጋዊ ታካሚ ማታ ማታ ቢቃዥና ቢደናገር አይከራከሩት፤ መነጽሩንና የጆሮ መስሚያውን ቶሎ ይመልሱለት። ድንገት የመጣ መደናገር ግን ለሐኪም ይነገራል፣ ከሥሩ ኢንፌክሽን ወይም የኦክስጅን ማነስ ሊኖር ይችላልና።

የቁስል ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ የመውጫውን ምክር በጥድፊያ አይስጡ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ስፌቱ ከተከፈተ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መምጣት እንዳለበት ይንገሩት። «ገባዎት?» ብለው ከጠየቁት «አዎ» ይላል። ይልቁንስ «ቤት ሲደርሱ ለቤተሰብዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ይበሉት፤ የዘለለውን ነገር ከአነጋገሩ ይለዩታል፣ እሱን ብቻ እንደገና ያስረዱት።